ከሬድዮው እስከ ፍሬኑ፦ የጂፕ ቼሮኪ ጉዳይ ከጣርማ በር ቁልቁለት ሲታይ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም። በመካከላቸው ያለው መንገድ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ቁልቁለቱ በብዛት ያለው ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,500 ሜትር ሲወርድ 29 ሜጋ ጁል ጉልበት ከላዩ ማራገፍ አለበት። በቤት ቆጣሪ ስሌት 8 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ ጎማውና ነፋሱ የሚወስዱት አለ። የቀረውን ወይ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬን ሸራው በሙቀት ያጠፋዋል፣ ወይም መኪናው የኤሌክትሪክ ከሆነ ወደ ባትሪው ይመለሳል።

ድሮ ይህን የሚያከፋፍለው የሾፌሩ እግርና እጅ ነበር። አሁን በእግሩና በጎማው መካከል ኮምፒውተር ገብቷል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ደግሞ ትልቅ ስክሪን ያላቸው መኪኖች በዚህ መንገድ ላይ በዝተዋል። ስለዚህ በየጋራዡ የሚነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ የስልክና የኮምፒውተር ሶፍትዌር ሲሠሩ የኖሩ ድርጅቶች ለፍሬን ይታመናሉ? ለዚህ ጥያቄ በደንብ የተመረመረ፣ ዝርዝሩም ለሕዝብ የወጣ አንድ ጉዳይ አለ፤ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የጂፕ ቼሮኪ ጉዳይ።

የሆነው ነገር

መኪናው የ2014 ሞዴል ጂፕ ቼሮኪ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ በፈጣን መንገድ ላይ በሰዓት 112 ኪሎ ሜትር ይነዳዋል። ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች ደግሞ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ሚለር ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ይዘው ተቀምጠዋል። ጋዜጠኛው ለሙከራው ፈቅዷል፤ ምን እንደሚደረግበት ግን አልተነገረውም። በመኪናው ላይ የተቀጠለ ሽቦም ሆነ የተሰካ ዕቃ አልነበረም።

መጀመሪያ ማቀዝቀዣው በሙሉ ኃይሉ መንፋት ጀመረ። ሬድዮው ጮኸ፤ ቁልፉን ቢያዞረውም አልቀነስ አለ። የዝናብ መጥረጊያው ተነሥቶ የሚረጨው ውኃ መስታወቱን ሸፈነው። ከዚያ ካምቢዮውን አላቀቁት። ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም፤ ቦታው ዳገት ነው፣ ዳር መውጫ የለውም፣ ከኋላ ከባድ መኪና እየመጣ ነው። በኋላ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ፍሬኑን አጠፉበት፤ ፔዳሉን እየረገጠ መኪናው ቦይ ውስጥ ገባ። ዘገባው ጁላይ 21 ቀን 2015 ወጣ።

የፍሬኑ ነገር በቅርበት መታየት አለበት፤ «የዘይት ፍሬንን ኮምፒውተር አይነካውም» የሚል ክርክር ጋራዥ ውስጥ ዘወትር ይሰማልና። እውነት ነው፣ በዚያ መኪና ላይም ፔዳሉ ከፍሬን ማስተሩ ጋር በብረት የተያያዘ ነበር። ግን በማስተሩና በጎማው መካከል የኤቢኤስ (ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ፓምፕና ቫልቮች አሉ። የፍሬን ዘይት ሲቀየር አየሩ እንዲወጣ ሜካኒኩ በስካነር፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተሮች በሚያነጋግር መሣሪያ፣ የሚልከው ትእዛዝ አለ፤ ኤቢኤሱ ያኔ ቫልቮቹን ይከፍትና ፓምፑን ያሽከረክራል። ያ ትእዛዝ ሲፈጸም ፔዳሉን ቢረግጡት ግፊቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ሁለቱ ባለሙያዎች የላኩት ይህንኑ የጋራዥ ትእዛዝ ነው። ኤቢኤሱ ስካነር የተሰካበት መሰለው፤ የታዘዘውን ሠራ።

እዚህ ላይ አንድ የያዘ ግድግዳ ነበር። ኤቢኤሱ ይህን ትእዛዝ የሚቀበለው መኪናው በጣም በዝግታ ሲሄድ ብቻ ነው። ፍሬኑ በፈጣኑ መንገድ ላይ ሳይሆን በመኪና ማቆሚያው ላይ የጠፋው ለዚህ ነው። ማንም ሰርጎ ገብ ባልታሰበበት ዘመን አንድ የኤቢኤስ መሐንዲስ «መኪናው እየሮጠ ሳለ የፍሬን አየር የሚያወጣ ሜካኒክ የለም» ብሎ ያስቀመጣት ገደብ የሰው ሕይወት የምታድን ሆነች።

በሮቹ

የመኪናው ስክሪን 8.4 ኢንች ነው፤ ዩኮኔክት ይባላል፣ የሠራው ሃርማን ነው። ውስጡ ሁለት አንጎል አለው። ትልቁ ካርታውን፣ ሙዚቃውንና ስልኩን ያስኬዳል፤ በላዩ የሚሠራው ኪውኤንኤክስ የተባለው ሥርዓት ነው። ትንሹ ቪ850 የሚባል ቺፕ ሲሆን ከመኪናው የካን መስመር ጋር፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተሮች መልእክት ከሚለዋወጡበት ሽቦ ጋር፣ የሚነጋገረው እሱ ብቻ ነው።

ስክሪኑ ስፕሪንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሞባይል ኔትወርክ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝ ነበር። ትልቁ አንጎል በዚያ ኔትወርክ በኩል ፖርት 6667ን ክፍት አድርጎ ይጠብቅ ነበር፤ የይለፍ ቃል አይጠይቅም ነበር። ይህ በር ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የውስጥ መስመር ነው፤ ወደ ውጭ ሊታይ ባልተገባ ነበር። በዚያ ላይ የተሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ የሚፈጽም አገልግሎት ከኋላው ተቀምጦ ነበር። የስፕሪንት መስመር ያለው ሰው አሜሪካ ውስጥ የትም ሆኖ መኪናውን ማግኘት ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ሬድዮው ላይ በቆመ። ትልቁ አንጎል ወደ ካን መስመር በቀጥታ መጻፍ አይችልም፤ ቪ850ም የተሠራው ከመስመሩ መረጃ እንዲያዳምጥ እንጂ የፈለጉትን መልእክት እንዲልክ አልነበረም። ግን የቪ850ን ሶፍትዌር ትልቁ አንጎል ሊቀይረው ይችላል፤ ቺፑ ደግሞ አዲሱ ሶፍትዌር ከፋብሪካው ስለመምጣቱ ፊርማ አይጠይቅም። ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ጻፉበት። ከዚያ በኋላ ጠባቂው ራሱ የእነሱ ሰው ሆነ።

ሬድዮው በሁለት የካን መስመሮች ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ የምቾት ዕቃዎች ያሉበት ነው፣ ሌላው ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሬኑ ያሉበት። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ለሕዝብ ያስተዋወቀው ካን ደግሞ የላኪ ስም የሌለው ደብዳቤ ነው፤ መለያ ቁጥርና እስከ 8 ባይት መረጃ፣ በቃ። ከሬድዮ የመጣና ከስካነር የመጣ መልእክት ቁጥራቸው አንድ ከሆነ ኤቢኤሱ የሚለይበት መንገድ የለውም።

ጥገናው

ባለሙያዎቹ ለአምራቹ ለፊያት ክራይስለር የነገሩት ዘገባው ከመውጣቱ ዘጠኝ ወር ያህል አስቀድመው ነው። ኩባንያው ማስተካከያውን ያወጣው ጁላይ 16 ቀን 2015 ሲሆን፣ ዘገባው ከወጣ ከሦስት ቀን በኋላ ጁላይ 24 ላይ 1.4 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና ጠራ። ለባለቤቶች ማስተካከያው ያለበት ዩኤስቢ በፖስታ ተላከ። ስፕሪንት ደግሞ በሩን በኔትወርኩ በኩል ዘጋው። ከሁለቱ ሁሉንም መኪና በአንድ ጊዜ ያዳነው ሁለተኛው ነው፤ ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ የጣለውን ባለቤት ጭምር።

እንዲህ ያለ መኪና ደብረ ብርሃን ገብቶ ቢሆን ደብዳቤው የሚሄደው አሜሪካ ወደነበረው አድራሻ ነው። የስፕሪንት ኔትወርክ እዚህ ስለሌለ ያ በር አልነበረም፤ መድኃኒቱ የሚመጣበትም በር አልነበረም። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ሲም ካርድ እዚህ ካልሠራ አምራቹ በአየር የሚልከውን ማስተካከያ አያገኙም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና የሚገዛ ሰው ባለ 17 አኃዙን የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስገብቶ ያልተሠራ ጥሪ እንዳለበት ማየት ይችላል። ቀብድ ከመክፈል በፊት የሚደረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

«ሬድዮ ሠሪ ፍሬን አጠፋ» ብሎ መደምደም ይቀላል። ግን ኪውኤንኤክስ የሕክምናና የኢንዱስትሪ መሣሪያዎችን ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሥርዓት ነው። ሃርማን እ.ኤ.አ. በ2004 ገዛው፤ በ2010 ደግሞ ያኔ ብላክቤሪ ስልክ ይሠራ ለነበረው ኩባንያ ሸጠው። የስልክ ኩባንያ ንብረት ሆነ ማለት ነው፤ ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ውስጥ እንዳለ ኩባንያው ይገልጻል። በጂፑ ጉዳይ ቀዳዳው እሱ ውስጥ አልነበረም። በሩን ክፍት የተወው በላዩ የተገነባው ሥራ ነው። ፊርማ የማይጠይቅ ቺፕ በጠባቂነት ማቆምና ሬድዮውን በሁለቱም መስመሮች ላይ ማስቀመጥ ደግሞ የመኪናው ንድፍ ነው፤ የመኪናውን ንድፍ የሚያጸድቀው አምራቹ ነው።

የመኪና ፋብሪካ በራሱ ስም ያወጣው ሶፍትዌር ስለሆነ ብቻም አይታመንም። ቶዮታ ሳይነኩት ይፈጥናል በተባለው ክስ፣ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ2011 መርምሮ የኤሌክትሮኒክስ ምክንያት አላገኘሁም አለ። በ2013 ግን የኦክላሆማ ዳኞች፣ የነዳጅ መስጫውን ሶፍትዌር ኮድ የመረመረ ባለሙያ ምስክርነት ሰምተው ቶዮታን ተጠያቂ አደረጉ።

የፍሬንን ያህል የማይጠረጠሩ ነገሮችም አሉ። ቴስላ በሞዴል ኤስና ኤክስ ስክሪን ውስጥ ያስገባው 8 ጊጋ ባይት የሚይዝ የማስታወሻ ቺፕ በስልክና በታብሌት የሚገባ ዓይነት ነበር። ስክሪኑ ያለማቋረጥ ሲጽፍበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልቃል፤ ስክሪኑ ይጠፋል፤ ከሱ ጋር የኋላ ካሜራውና የመስታወት ጉም ማጥፊያው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ 134,951 መኪኖች ለጥገና የተጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ጉም ማጥፊያ ለሌላ አገር ሰው የምቾት ዕቃ ሊመስል ይችላል። ክረምት ላይ ጣርማ በር ጉም ሲለብስ፣ ከዋሻው እንደወጡ መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ ሲይዝ፣ ከፍሬን አይተናነስም። የስልክ ቺፕ በሁለት ዓመት ስልኩ ሲቀየር ይጣላል፤ እዚህ ግን መኪና ሃያ ዓመት ያገለግላል።

ለዚህ ሥራ መለኪያ አለ። አይኤስኦ 26262 የሚባለው ደረጃ (እ.ኤ.አ. 2011) የመኪናን ክፍሎች በአደጋ ክብደታቸው ከኤ እስከ ዲ ይመድባል፤ ሬድዮ ከምድቡ በታች ነው፣ ፍሬን ጫፉ ላይ። ዝቅ ያለው ክፍል ከፍ ያለውን እንዳያውክ መለየት አለበት ይላል። ግን የሚያስበው በራሱ ስለሚበላሽ ዕቃ ነበር እንጂ ሆን ብሎ ስለሚገባ ሰው አልነበረም። ያንን የሸፈኑት በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ 155ና በዚያው ዓመት የወጣው አይኤስኦ 21434 ናቸው። የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪን «ይህ ሞዴል በደንብ 155 ጸድቋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ሶፍትዌሩን ማን ሠራው?» ከማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ግድግዳውን የምንበሳው እኛ ስንሆን

በፋብሪካ በደንብ የተሠራ ግድግዳም እዚህ ይበሳል። አንድሮይድ ስክሪን ሲገጠም አብሮት ትንሽ የካን ሳጥን ይመጣል፤ የመሪውን ቁልፎች፣ የበሩን መከፈትና የኋላ ማርሽን ከመኪናው መስመር ላይ ያነባል። ገጣሚው ልኩ የሆነ ሶኬት ሲያጣ ሽቦውን ልጦ ይጠመጥምና በናስትሮ ያሽገዋል። ያ ስክሪን ፍሬኑ ያለበት መስመር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው፤ የሠራውን ድርጅት ስም እንኳ የሚያውቅ የለም።

የሚያስከትለው ጣጣ በመልቲሜትር ይታያል። ቁልፉን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከመሪው ሥር ባለው የስካነር ሶኬት ላይ ፒን 6ና ፒን 14 መካከል ኦም ለኩ። መስመሩ በሁለቱ ጫፎች 120 ኦም ስላለው ጤነኛው ንባብ 60 ነው። 120 ካነበበ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል። 40 ካነበበ ሦስተኛ 120 ተጨምሯል፤ ይህን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የስክሪኑ ሳጥን ነው። ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ባትሪው ተመልሶ ቁልፉ ሲከፈት ደግሞ ፒን 6 ከማሳ (ከመኪናው አካል) ጋር 2.6 ቮልት፣ ፒን 14 ደግሞ 2.4 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፤ አንዱ ዜሮ ወይም 12 ካለ ሽቦው ከማሳ ወይም ከፖዘቲቭ ጋር ተገናኝቷል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ሶኬቱና የፍሬኑ መስመር በጌትዌይ (በመስመሮች መካከል በሚቆም ኮምፒውተር) ስለሚለያዩ የሶኬቱ 60 ኦም ስለ ፍሬኑ መስመር አይመሰክርም፤ እዚያ ላይ መለካት የሚገባው ራሱ ኤቢኤሱ ሶኬት ላይ ነው።

ምልክቱ ዳሽቦርዱ ላይ ይታያል፦ ኤቢኤስ፣ መሪና ቼክ ኢንጂን መብራቶች ባንዴ ይበራሉ። ስካነሩ ዩ0100 ካለ ሞተሩ፣ ዩ0121 ካለ ኤቢኤሱ፣ ዩ0131 ካለ የመሪው ኮምፒውተር ከመስመር ጠፍቷል። ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ሦስት ኮምፒውተር አትግዙ፤ ሦስቱ ባንዴ አይቃጠሉም። መጀመሪያ በመጨረሻ የተጨመረውን ዕቃ ንቀሉ። ኤቢኤሱ ከጠፋ የዘይት ፍሬኑ ይሠራል፤ ግን ጎማው ሲቆለፍ የሚለቅ የለም፣ በደብረ ሲና መጠምዘዣዎች እርጥብ አስፋልት ላይ መኪናው በጎኑ ይሄዳል።

መግጠም ግድ ከሆነ ሽቦ ሳይቆረጥ በመሃል የሚገባ ልኩ የሆነ ሶኬት ይፈለግ። የሚቀጠለው ሽቦ ከ30 ሴንቲ ሜትር አይርዘም፤ የካን ሁለቱ ሽቦዎች እንደተፈተሉ ይቆዩ፣ የውጭ ረብሻን የሚያጠፋው ፈትሉ ነው። የስክሪኑ ኃይል በራሱ ፊውዝ ይምጣ። የመሪው ቁልፎች ባይሠሩ ግድ ከሌላችሁ ደግሞ የካን ሳጥኑን ጭራሽ አታገናኙት፤ ስክሪኑ ያለሱም ሙዚቃና ካርታ ያሳያል። በብሉቱዝ የሚሠራውን ርካሽ ስካነርም ሶኬቱ ላይ ሰክቶ መተው ልክ አይደለም። የማገናኛ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 1234 ወይም 0000 ነው፤ በጂፑ ላይ ለዘጠኝ ወር የተደበቀው በር እዚህ በርካሽ ይገዛል።

የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ

የኤሌክትሪክ መኪና የፍጥነት ፔዳሉን ሲለቁለት የሚይዘው ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ነው። ባትሪው ከሞላ የሚመልስበት ቦታ የለም፤ ሶፍትዌሩ ይህን መያዝ ይቀንሰዋል ወይም ያጠፋዋል። ባትሪው በጣም ሲቀዘቅዝም እንዲሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ባደረበት የደብረ ብርሃን ጠዋት፣ ሌሊቱን 100 በመቶ የሞላ መኪና ሁለቱንም ይዞ ይነሣል። ሾፌሩ ትናንት በከተማው የለመደው አያያዝ በመጀመሪያዎቹ ቁልቁለቶች ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ የቀረው የፍሬን ሸራው ብቻ ነው። ብልሽት አይደለም፣ ሶፍትዌሩ ባትሪውን እየጠበቀ ነው፤ ሾፌሩ ካላወቀ ግን ከብልሽት አይለይም።

ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ መጀመሪያ ያሰላነው 8 ኪሎ ዋት ሰዓት 13 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ 85 በመቶ ላይ መሙላቱን አቁሞ መነሣት ለቁልቁለቱ በቂ ቦታ ይተዋል።

ከመነሣቱ በፊት፣ መኪናው ቆሞ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ስክሪኑን በመመሪያ መጽሐፉ እንደተጻፈው አጥፍታችሁ አስነሡት። ጨለማ በሆነባቸው ሰከንዶች የፍጥነት መለኪያው፣ ትልቁ መብራት፣ መጥረጊያውና ጉም ማጥፊያው ይሠሩ እንደሆነ አንድ በአንድ ሞክሩ። ያልሠራውን ጻፉት። ጉም ማጥፊያው ከስክሪኑ ጋር አብሮ ከጠፋ፣ በክረምት ከዋሻው በፊት በስክሪኑ በኩል አስቀድማችሁ አብሩት፤ ደብረ ሲና እስክትደርሱም አትንኩት።